ብቻውን የለመለመው ማሳ

ተረት ከባሕር ማዶ መጣች፤ እግሯ ርሷል፣ ቦታ ስጧት ትቀመጥ።

ድሮ ድሮ፣ አይጥ ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በሚሉት የደሴት አገር አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ነበረች። ስሟን ብነግራችሁ ምላሳችሁ ይተሳሰራል፣ ተዉት። ከኋላዋ ጭስ የሚተፋ ተራራ አለ፣ ከፊቷ የኮኮናት ዛፍ፣ መሃሏ ላይ የቀርከሃ ቤቶች። ቤቶቹ እግር አላቸው። ዳክዬና ዶሮ ከሥር ያድራል፣ ሰው ከላይ ያድራል፣ ሐሜት ደግሞ ከላይም ከታችም ያድራል።

የሰዉ ሥራ ሩዝ ነው። ሩዝ ይዘራል፣ ሩዝ ይበላል፣ ሲጣላም በሩዝ ነው የሚጣላው። ከተራራው ሥር አንድ ምንጭ ይወጣል። ማሳው እንደ ደረጃ ነው፣ እርከን በእርከን ቁልቁል ይወርዳል። ውሃው በቦዩ እየሄደ የላይኛውን ማሳ ያጠጣል፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ መጨረሻ ላይ የታችኛውን።

ታዲያ መንደሪቱ አንድ የቆየ ሕግ ነበራት። የውሃ ዳኛ የሚሆነው ሁልጊዜ የመጨረሻው ማሳ ባለቤት ነው። ለምን ቢሉ፣ እሱ ጋ ውሃ የሚደርሰው ሁሉም ከጠጣ በኋላ ነው። ከላይ አንዱ ቢሰስት የሚጠማው እሱ ነው። ስለዚህ አይተኛም፣ ሁሉንም ይጠብቃል። "ውሃ ከላይ ይወርዳል፣ ዳኝነት ከታች ይወጣል" ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ።

ያ የመጨረሻው ማሳ የላስትሪ ነበር። ላስትሪ ገና ልጅ እግር እናት ናት። ባሏ ቅርንፉድ ለቀማ ብሎ ሌላ ደሴት ሄዷል፣ ዳኛ የነበሩት አማቷ ደግሞ ሞተዋል። ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና ሱጂ የምትባል ትንሽ ልጇ ናቸው። ላስትሪ ፈሪ ናት። ልጅቷ ስታስነጥስ "ታመመችብኝ" ትላለች፣ ልጅቷ ዝም ስትል ደግሞ "ምን ሆነችብኝ" ብላ ቀስቅሳ ታስለቅሳታለች። ሰው ቆጣ ብሎ ከተናገራት "እሺ" የሚለው ቃል ከአፏ ቀድሞ ይወጣል።

ይህን ፓክ ዲርጎ ያውቃል። ፓክ ማለት እዚያ አገር ጋሼ እንደማለት ነው። ፓክ ዲርጎ ከምንጩ አጠገብ ያለው የላይኛው ማሳ ባለቤት ነው። ጎሾችም አሉት። እዚያ አገር የሚታረሰው በበሬ ሳይሆን በቤት ጎሽ ነው፤ በመንደሩ ደግሞ ጎሽ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሆድም አለው። የጎደለው ዳኝነት ብቻ ነው።

አንድ ቀን መጣና ደጇ ላይ ቆመ።

"የሱጂ እናት፣ የአማትሽ ዳኝነት ላንቺ ደረሰ አሉኝ። ልጅሽ ስታለቅስ ጡት ታጠቢያለሽ ወይስ ውሃ ትዳኛለሽ?"

"እኔም ፈርቻለሁ፣ ፓክ ዲርጎ።"

"ፍሪ፣ ያስፈራል። እኔ ሸክሙን ላውርድልሽ። የላይኛውን ማሳዬን ውሰጂ፣ የታችኛውን ስጪኝ። ላንቺው ብዬ ነው።"

ላስትሪ ሥጋ ሰጥቶ አጥንት የሚቀበል ሰው አይታ አታውቅም። "ይሄ ነገር አንድ ነገር አለው" ብላ አሰበች። አሰበች እንጂ አፏ "እሺ" ብሏል።

መንደርተኛው አደነቀ። "አይ ደግነት" አለ። "ለድሃ ብሎ የላይኛውን ማሳ ለቀቀ" አለ። ሰው ሲያደንቅ አያስብም።

ፓክ ዲርጎ ዳኛ በሆነ ማግስት ከግንድ የተፈለፈለውን የመንደር ከበሮ መታ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

"ዘንድሮ ምንጩ ቀጥኗል" አለ። "ለሁሉ ቢከፋፈል ማንንም አያጠግብም። ስለዚህ ሁላችሁም የማሳችሁን የውሃ በር ዝጉ። ውሃው ቀጥ ብሎ መጥቶ መጀመሪያ የእኔን ማሳ ያጥግብ። የእኔ ሲጠግብ እኔ ለእናንተ አከፋፍላለሁ። ለእናንተው ብዬ ነው።"

የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ አባባ ክሮሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዲርጎ ልጄ፣ ማሳህ ታች ነው። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ውሃ እኔ አላየሁም። በምን ልታወጣው ነው፣ በእንስራ?"

"አባባ፣ የድሮ ሰው የድሮውን ያስባል።"

"እውነትህን ነው። ድሮ ውሃ ቁልቁል ነበር የሚፈሰው።"

ሰዉ ሳቀ። ፓክ ዲርጎ አልሳቀም። "ጎሾቼ የሚስቅ ሰው ማሳ አያርሱም" አለ። ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ ሳቁን አፉ ውስጥ እንደያዘ በሩን ሊዘጋ ሄደ።

ሁሉም ዘጋ። ውሃው በየማሳው ዳር እየተንሾካሾከ ቁልቁል ያልፋል። ሰዉ ድንበር ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያልፍ ያየዋል። "ትንሽ እንታገስ" ይላል አንዱ። "ለእኛው ብሎ ነው" ይላል ሌላው። "ድምፁ እንኳን ደስ ይላል" ያለም ነበር፤ ማሳው ተሰነጣጥቆ እግሩ እየገባበት።

ላስትሪማ ከሁሉ ባሰባት። ምንጩ እግሯ ሥር ነው፣ ችግኟ ግን ቢጫ ሆነ። አንድ ቀን ልጇን እንዳዘለች ተንበርክካ የበሩን ጭቃ በጣቷ ፋቅ አደረገች። ውሃ እንደ ክር ገባ። ገና ችግኙ ሳያየው ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

"የሱጂ እናት፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ልጄ... ልጄ እጇን ልትታጠብ ብላ ነው።"

"የታዘለች ልጅ እጇን በየት በኩል ነው የምትታጠበው?" ፓክ ዲርጎ ጭቃውን በእግሩ መልሶ ደፈነው። "ሁለተኛ ባይሽ ማሳሽን በጥርስሽ ታርሺዋለሽ። ላንቺው ብዬ ነው።"

ችግኙ ሞተ። ላስትሪ የቀራት አንድ ቅርጫት የዘር ሩዝ ነው፣ ከጣሪያው ወጋግራ ላይ የሰቀለችው። ለልጇ ካሳቫ ትቀቅላለች፣ ልጅቷ ትተፋዋለች። ቅርጫቱን ቀና ብላ ታየዋለች። ብትቀቅለው ልጇ ዛሬ ትጠግባለች፣ ከርሞ ደግሞ የሚዘራ የለም። ባትቀቅለው ልጇ ዛሬ ታለቅሳለች። እንዲህ እያለች ቀና ስትል ጎንበስ ስትል አንገቷ ደከመ።

አንድ ጠዋት ከወጋግራው ላይ ኮሽ አለ። ቀና ብትል አንዲት አይጥ፣ ልጆቿን ጭራዋ ላይ አስከትላ፣ ቅርጫቱ ጫፍ ላይ ቆማለች።

"እንደምን አደርሽ የሱጂ እናት" አለች አይጧ።

"ውረጂ ከዚያ።"

"እወርዳለሁ፣ መጀመሪያ ልብላ።"

"የዘር ነው እሱ።"

"ለእኔ ዘርም ምሳም አንድ ነው። አትቆጪኝ እንጂ፣ እኔም እናት ነኝ። ማሳው ደርቋል፣ የወደቀች ፍሬ የለች፣ ትል እንኳን ጠፍቷል። እነዚህ ልጆች ጭራዬን እየጠቡ ነው የሚያድሩት። ይኸው ተመልከቺው፣ ቀጭኗል።"

ላስትሪ ጭልፋውን አነሳች። ብትወረውር ቅርጫቱ ወድቆ ይበተናል፤ ባትወረውር ይበላል። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው ዓይኑ መውጫ ይፈልጋል፣ የእሷም ዓይን በመስኮቱ ወጣ። ሸለቆው ሁሉ እንደ ደረቀ ቆዳ ቡኒ ሆኗል። ከታች፣ ከመጨረሻው፣ አንድ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ነው። እሸት ይዟል።

"ነይ ወደ መስኮቱ" አለች ላስትሪ። "ያንን ታያለሽ?"

አይጧ አየች። ጢሟ ቆመ። "የማን ነው?"

"የውሃ ዳኛው።"

"ውሻ የለውም?"

"አለው። ጌታውን አክሎ ወፍሯል፣ ሲጠሩት ራሱን ብቻ ነው የሚያዞረው።"

"እንግዲያውስ መንገዱን ንገሪኛ።"

"ዘሬን ትተሽልኝ ከወረድሽ እነግርሻለሁ። ደግሞም የእኛ አዝመራ እስኪገባ ተመልሳችሁ ወደ ላይ እንዳትወጡ።"

"በጭራዬ ምዬአለሁ" አለች አይጧ። የአይጥ መሐላ አይታመንም፤ የአይጥ ሆድ ግን ይታመናል።

"ለሰው እንዳትናገሪ።"

"እኔ? ለሰው?" አለች አይጧ ተቀይማ። እውነቷን ነው፣ ለሰው አልተናገረችም። ለአይጥ ነው የተናገረችው፤ አክስቶቿ ለሆኑት፣ አማቾቿ ለሆኑት፣ ከተራራው ወዲያ ለሚኖሩት ሁሉ።

አይጧ ስትወጣ ላስትሪን ጭንቀት ያዛት። "ምን አደረግሁ? ሰውየው ቢያውቅ? ልጄን ይዤ የት እገባለሁ?" እያለች ስትንቆራጠጥ ቆይታ፣ በመጨረሻ ልጇን አዝላ ቁልቁል ወደ ፓክ ዲርጎ ሄደች። ፓክ ዲርጎ ድንበሩ ላይ ቆሞ እሸቱን በመዳፉ እየዳሰሰ ነው።

"ፓክ ዲርጎ፣ አይቆጡኝ። ውሃውን ጥቂት ቢለቁልን ለእርስዎም ይሻላል። አይጡ ርቦታል። ማሳው ሁሉ ቢለመልም ኖሮ አይጡም ይበተን ነበር፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይበላ ነበር። አንድ ማሳ ብቻ ሲለመልም ግን..."

"አይጥ ዳኛ ያውቃል" አለ ፓክ ዲርጎ። "ይፈራኛል። አንቺ ለራስሽ እወቂ። አየሽ ይሄን ማሳ? አንቺ እጅ ቢቆይ ኖሮ ይሄኔ የዳክዬ መተኛ ነበር።"

ላስትሪ ልጇን እንዳዘለች ሽቅብ ተመለሰች።

አይጦቹ መጡ። አንድ ቤተሰብ አይምሰላችሁ፤ አገር ነው የመጣው። እናት ልጇን አዝላ፣ አያት ተደግፋ፣ ሙሽራ ከነሚዜው። ሌላ ጊዜ ለመንደሩ ማሳ ሁሉ የሚዳረሰው አይጥ ለአንድ ማሳ ተሰበሰበ። እሸቱ ጎንበስ ማለት ጀመረ፣ ጎንበስ ያለው አልተነሳም።

ፓክ ዲርጎ ሮጦ ከበሮውን ደለቀው። በመንደሩ ሕግ ከበሮ ሲመታ ሰው ሥራውን ጥሎ ለደቦ ይወጣል። ሰዉም ወጣ። መጣ፣ ድንበሩ ላይም በሰልፍ ቆመ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

"ምን ትቀመጣላችሁ? ግቡና ምቱልኝ" አለ ፓክ ዲርጎ።

"ማሳህ እኮ ረግረግ ነው" አለ አንዱ ገበሬ። "የእኛ እግር ደረቅ መሬት ለምዷል።"

"ትንሽ ታገሱ፣ ፓክ ዲርጎ" አለች አንዲት ሴት። "መጀመሪያ አይጦቹ ይጥገቡ፣ ከዚያ ለእርስዎ ያከፋፍሉዎታል።"

"ለእኛው ብለህ አይደል የዘራኸው?" አሉ አባባ ክሮሞ። "እኛ ደግሞ ለአይጦቹ መርቀንላቸዋል።"

ፓክ ዲርጎ ዱላውን ይዞ ብቻውን ገባ። በዚህ ሲመታ በዚያ ይበላሉ፣ በዚያ ሲመታ በዚህ ይበላሉ። ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ያዘው። አንዲት ቀጭን ጭራ ያላት አይጥ ከፊቱ ቁጭ ብላ፣ አፏን ሞልታ፣ "ጌታዬ፣ ሩዝዎ ጥሩ ነው፣ ዓሣ ግን ጎድሎታል" አለችው።

ሲያልቅ ገለባ ብቻ ቀረ። ገለባ ደግሞ ውሃ አይጠጣም። አባባ ክሮሞ ዞር ብለው ላስትሪን አዩዋት። "በይ የሱጂ እናት፣ ምንጩ አንቺ ጋ ነው። ከላይ ጀምሪልን።"

ላስትሪ ፓክ ዲርጎን አየችው። እሱ ጭቃ ውስጥ አንድ እግሩን እየፈለገ ነበር። ሽቅብ ወጣችና በሩን በሁለት እጇ ከፈተችው። ውሃው ገባ፣ ማሳው ጠጣ፣ ውሃው ወደ ቀጣዩ አለፈ፣ ወደ ቀጣዩ፣ ወደ ቀጣዩ። ሰው ሁሉ የደበቀውን ዘር አወጣ፣ ላስትሪም ቅርጫቷን ከወጋግራው አወረደች። ሁሉም አንድ ላይ ዘሩ። ማሳውን ማን አረሰው? ፓክ ዲርጎ። የሚበላው የለውማ፤ ጎሾቹን እየነዳ ከላይ እስከ ታች በእራት ብቻ አረሰላቸው። ጎሾቹም ከእሱ ጋር ሲሄዱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር ይባላል።

አይጦቹስ? መሐላቸውን ጠበቁ። ከመወፈራቸው የተነሳ አንዲት እርከን እንኳን ለመውጣት ሆዳቸው አላስኬድ አላቸው። ፓክ ዲርጎ ቤት ጎተራው ሥር ገብተው የተረፈውን እየቆረጠሙ ተቀመጡ።

አዝመራው ደረሰ፣ ገባ። ላስትሪ ሩዝ ቀቅላ ሱጂን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ በሁለት ጉንጯ ሞልታ ትበላለች፣ ፊቷ ሁሉ ሩዝ ሆኗል። ፓክ ዲርጎ ያኔ መጣ። ከስቷል።

"የሱጂ እናት፣ ማሳችንን እንመላለስ። አንቺ ወደ አማትሽ ማሳ፣ እኔ ወደ አባቴ። ዳኝነቱንም ውሰጂው።"

"እሺ" የሚለው ቃል እንደልማዱ እስከ ከንፈሯ መጣ። ላስትሪ ልጇን አየች፣ ልጇ የምታኝከውን አየች።

"አይሆንም፣ ፓክ ዲርጎ" አለች። ድምጿ ተንቀጥቅጧል፣ ቃሉ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ይግቡና ሩዝ ይብሉ።"

ገባ፣ በላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፓክ ዲርጎ የመጨረሻው ማሳ ላይ ቀረ፣ ዳኝነቱም ላዩ ላይ ቀረ። በየጠዋቱ እያለከለከ እስከ ምንጩ ይወጣል፣ በየማሳው ዳር እየቆመ ይጠይቃል። "ጠጣችሁ? በቃችሁ? የቀረ አለ?" እስኪ ሁሉም ካልጠጣ እሱ ምን ይጠጣል? እንዲያ ያለ ትጉ የውሃ ዳኛ ያቺ መንደር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም ይባላል።

እኔ ተረቱን ከላይ ለቀቅኩት፣ እናንተ ደግሞ ሳትሰስቱ ወደ ታች አሳልፉት። ሽማግሌዎቹም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላሉ፦

ብቻውን የለመለመ ማሳ፣ የአይጥ ሁሉ ምሳ።