ባዶ የተባለው ወንበር

አቶ ደጀኔ የሚባሉ የብሎኬት ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የእሽቅድምድም ፍቅር ያዛቸውና የመኪናቸውን የፊት ወንበሮች አስነቅለው በቀይ የእሽቅድምድም ወንበሮች አስቀየሩ። የጋራዡ ሰው፣ «በተሳፋሪው ወንበር ውስጥ ሰው መቀመጡን በግጭት ጊዜ ለሚነፋው ኤርባግ የሚነግር ሴንሰር አለ፤ ወደ አዲሱ ላዛውረው» ቢላቸው፣ «ቅርፁን ያበላሽብኛል፤ ተወው» አሉት።

በማግስቱ ቢሾፍቱ ስብሰባ ነበረባቸውና ጸሐፊያቸውን ከጎናቸው አስቀመጧት። ሞተሩ ሲነሳ ከፊቷ አንድ መብራት በራ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ያንቺ ኤርባግ አይሠራም ማለቱ ነው። መኪናው ወንበሩ ባዶ መስሎታል። የእኔው ይሠራል፤ አታስቢ።»

ጸሐፊዋ ወረደችና ከኋላ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ግቢው ውስጥ ብሎኬት የሚደረድሩት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ያዩ ጀመር። አቶ ደጀኔ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔ ያንቺ ሾፌር ነኝ? ወይ ፊት ነይ፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አሏት።

ሥራዋን ትወደው ስለነበር ደነገጠች። ድምፅዋ ግን አልተለወጠም።

«ጌታዬ፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ ባዶ ከምባል፣ እርስዎ እየነዱ ሾፌር ቢባሉ ይሻላል። ሾፌር መባል እንደሆነ ሰው አይገድልም።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን በእጁ አፈነ፤ ሌሎቹ ግን አልቻሉም። አቶ ደጀኔ ስብሰባውን ትተው በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዱ፤ ጸሐፊዋን ከኋላ እንዳስቀመጡ።