የዓርብ ሽሮ

አንድ አስተናጋጅ ነበር። ስሙ አድማሱ ይባላል። የሚሠራው ዓርብ ዓርብ ገበያ በሚቆምባት ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው ፊት ለፊት ባለ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነበር። አምስት ሰሐን በአንድ ክንዱ ደርድሮ በሰው መሐል ሲያልፍ ጠብታ አያፈስም፤ ደንበኛው ገና ወንበር ሳይስብ ምን እንደሚያዝ ያውቃል። ጎበዝ መሆኑን ደግሞ ራሱም ያውቀዋል። የቤቱ ባለቤት «በእኔ ቤት የለም አይባልም» ትል ነበርና እሱም ይህን ቃል እንደ ማዕረግ ይዞት ነበር። ከአድማሱ እጅ ሰው ሳይበላ ተመልሶ አያውቅም ተብሎ ሲወራ ከሰማ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። መቼም ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሚመሰገንበት ነገር ነው፤ አድማሱም እንደዚያው ሆነ።

ከደንበኞቹ አንዱ አባባ ዘርጋው የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። በሳምንቱ የሠሩትን ጋቢና ነጠላ ተሸክመው ዓርብ ማለዳ ወደ ገበያው ይመጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ምግብ ቤቱ ገብተው በበሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ዓርብ የጾም ቀን ነውና የሚያዙት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ የጾም ሽሮ። ሌሎች ጿሚዎች አስተናጋጁን እንደ ዳኛ ይመረምሩታል። ዘይት ነው ወይ፣ ጭልፋው ቅቤ አልነካውም ወይ፣ ድስቱ ለብቻው ነው ወይ ይሉታል። አባባ ዘርጋው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ሲበሉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ያማትባሉ፣ ይበላሉ።

አንድ ዓርብ ገበያው ከወትሮው ይልቅ ደመቀ። ምግብ ቤቱ ሰው አፍ እስከ ገደፉ ሞላው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባባ ዘርጋው ገብተው እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። አድማሱ ወደ ወጥ ቤት ዘልቆ አንድ የጾም ሽሮ ሲል፣ ምግብ አብሳይዋ እትዬ አጸደ ባዶውን ድስት ዘንበል አድርጋ አሳየችውና አልቋል በላቸው አለችው። እሳቱ ላይ የቀረው ቦዘና ሽሮ ብቻ ነበር። በቅቤ የተሠራ፣ ሥጋ የተከተፈበት፣ ለማይጾሙት የተሰናዳ።

አልቋል ማለት ምን ይከብዳል? ለአድማሱ ግን ከበደው። ስምንት ዓመት የመጡ ደንበኛ በእሱ እጅ ሳይበሉ ሊመለሱ ነው። ማንኪያ አነሣና ሥጋውን አንድ በአንድ እየለቀመ አወጣው። በላዩ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል አደረገበት።

«አንተ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለችው እትዬ አጸደ።

«ማን ይነግራቸዋል? ባለማወቅ የተበላ ደግሞ ለኃጢአት አይቆጠርም» አላት።

እትዬ አጸደ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ሥራዋን ቀጠለች።

በአባባ ዘርጋው ቤት ቅቤ የሚገባው ለፋሲካና ለገና ነው፤ ያውም ከተገኘ። ስለዚህ ጣዕሙን አያውቁትም ባይባልም፣ ዓርብ ቀን ከዚያ ቤት ይመጣብኛል ብለው አልጠበቁትም፤ ያልጠበቁትን ነገር ደግሞ ምላስ ቶሎ አይለየውም። መጀመሪያ በዝግታ ጎረሱ። ከዚያ ፈጠን ፈጠን አሉ። በመጨረሻው ቁራሽ የሸክላውን ድስት ጠርገው ሲያበቁ አድማሱን ጠሩትና፣ የዛሬው ሽሮ ሌላ መሆኑን፣ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ የጾም ሽሮ በልተው እንደማያውቁ ነግረውት ምን ቢያደርጉበት ነው ብለው ጠየቁት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁ። አድማሱ እዚህ ላይ ሊመለስ ይችል ነበር። ነገር ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና፣ «ዱቄቱ አዲስ ነው አባባ» አላቸው።

«እጇ ይባረክ በልልኝ። አንተም ልጄ፣ እንጀራ ይውጣልህ» አሉት።

ጆሮው ድረስ ጋለ። እስከዚያች ሰዓት ያደረገው ነገር እንደ ብልሃት ነበር የሚታየው፤ ምርቃቱን ሲሰማ ግን ምን እንደሆነ ገባው። አሜን ማለት ነበረበት፤ አሜን ማለት አቃተው። ሰሐኑን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ያን ሳምንት አድማሱ ራሱን ሲያጽናና ሰነበተ። ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ፣ እንዲያውም የተሻለውን ነው ያበላኋቸው አለ። ማታ ሲተኛ ግን የሚመጣበት አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ድስቱን ሲጠርጉ። ሐሙስ ዕለት ለእትዬ አጸደ፣ ነገ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለችው። እሷም ያን ዕለት ዝም በማለቷ አፍራ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። አባባ ዘርጋው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ፤ ነገር ግን ብቻቸውን አልነበሩም። ባለቤታቸውን እማማ ትርንጎን ይዘው ነበር። እማማ ትርንጎ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። በዕድሜያቸው ሰው ሠርቶ፣ ሰው አቅርቦላቸው በልተው አያውቁም። በሩ ላይ ጫማ ይወለቅ እንደሆነ ባለቤታቸውን በሹክሹክታ ጠየቁ። ከወንበሩም ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጡ።

አባባ ዘርጋው ደረታቸውን ነፍተው፣ ያለፈው ሳምንት ያበላኸኝን አምጣልን አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ስነግራት ሰንብቼ አላምን አለችኝ፤ እንግዲህ ቀምሳ ትፍረድ አሉ።

አድማሱ ወጥ ቤት ገብቶ ቆመ። በአንዱ ምድጃ የጾም ሽሮ፣ በሌላው ቦዘናው ይንተከተካል። ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ፤ ዐይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቦዘናው ነበር። ወዲያው ደነገጠና የጾሙን ቀዳ። ምናልባት አይለዩት ይሆናል ብሎ ነጭ ሽንኩርት እንዲጨመርበት ለመነ፤ ይዞም ወጣ።

እማማ ትርንጎ ቀመሱና ጥሩ ነው አሉ። አባባ ዘርጋው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ልጄ፣ የሌላ ሰው አምጥተህልን እንዳይሆን። ያች አይደለችም እኮ» አሉ።

እማማ ትርንጎ እጃቸውን ከገበታው መልሰው ባለቤታቸውን አዩ። «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ እጄን ስትነቅፍ የሰነበትከው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባባ ዘርጋው ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ቤታቸው የቀረበላቸውን ሽሮ ሁሉ ከዚያ ከምግብ ቤቱ ጋር ሲያወዳድሩ ነበር የከረሙት። እማማ ትርንጎም ከጎረቤት ቅመም ተበድረው፣ እሳቱን አብዝተውና አሳንሰው፣ ያን ጣዕም ለማምጣት ያላደረጉት የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባበሉት ባላቸው ፊት እጄ ከዳኝ ብለው ያለቀሱበትም ቀን ነበር። አሁን ደግሞ ሽማግሌው በሚስታቸው ፊት ውሸታም ሊሆኑ ነው። ግራ ገብቷቸው አንዴ ድስቱን፣ አንዴ አድማሱን ያያሉ።

አድማሱ እጁ ላይ የነበረውን ሰሐን አስቀመጠ።

«አባባ፣ ያለፈው ሳምንት የበሉት የጾም አልነበረም። ቦዘና ነው። ሥጋውን ለቅሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

በዙሪያው የተቀመጡት ዞረው አዩት። አንዲት ሴት የቀረበላትን ገፋ አደረገች። ከጥግ አንድ ሾፌር፣ የእኛስ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

አባባ ዘርጋው አልተቆጡም። ቢቆጡ ለአድማሱ በቀለለው ነበር። አንገታቸውን ነው የደፉት። እንግዲህ እዩት፤ ያጠፋው ቆሞ፣ ያላጠፉት አፈሩ። በጾም ቀን ሥጋ የነካውን ወጥ መብላታቸው ብቻ አልነበረም ያሳፈራቸው፤ መውደዳቸው፣ ማመስገናቸው፣ በእሱ ምክንያት የሚስታቸውን እጅ መንቀፋቸውም ነበር። የያዙትን ቁራሽ መልሰው አኖሩና መጀመሪያ የዞሩት ወደ ባለቤታቸው ነው። እጅሽን ያለ አግባብ ነቅፌያለሁ፣ ይቅር በይኝ አሏቸው። እማማ ትርንጎ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አድማሱ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቆሙት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «ጾሙን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፤ የሚሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ፤ እሱ ያልቃል። ስምንት ዓመት ግን ጠይቄህ አላውቅም። ከእንግዲህ በገባሁ ቁጥር ልጠይቅህ ነው። ጠይቆ መብላት ደግሞ አልችልበትም ልጄ።»

ተነሡ። እማማ ትርንጎ ከመውጣታቸው በፊት እንደ ቤታቸው ሰሐኑንና ብርጭቆውን አንድ ላይ ሰበሰቡ፤ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውንም ፍርፋሪ በመዳፋቸው ጠረጉት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት አድማሱን ወዲያው አስጠራችው። ለምን እንዲህ አደረግህ አላለችውም። በሰው ፊት ማን ተናገር አለህ ነው ያለችው። አድማሱ ከሳምንት በፊት ቢሆን እሱም የሚጠይቀው ይህንኑ እንደነበር ትዝ ብሎት ይበልጥ አፈረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለቀውን አልቋል ይላል። ሰዎችም እሺ ብለው ጎረቤት ካለው ቤት ሄደው ይበላሉ። በዚህ ምክንያት የሞተ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

አባባ ዘርጋው ግን አልተመለሱም። ዓርብ ዓርብ በምግብ ቤቱ ደጅ ሲያልፉ አድማሱን ካዩት ባርኔጣቸውን አንሥተው እንደምን ዋልክ ይሉታል፤ አይገቡም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ አሁን አብረዋቸው ገበያ የሚወጡት እማማ ትርንጎ ከቤት ያመጡትን ቋጠሮ ፈትተው፣ ሁለቱም ካልተሸጠው ጋቢ አጠገብ ተቀምጠው ይበላሉ። አድማሱ በመስኮት ያያቸዋል። በበሩ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥባት ፊቱን ያዞራል።

በአምስተኛው ዓርብ አልቻለም። ሽርጡን ፈትቶ መንገዱን ተሻገረ። የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር። ይመለሱ ሊላቸው፣ ድስቱን ለብቻ አድርገናል ሊላቸው፣ ከፈለጉ ወጥ ቤት ገብተው ይዩ ሊላቸው ነው። ሲደርስ ምግብ ላይ ነበሩ።

አባባ ዘርጋው ቀና ብለው አዩት።

«እንብላ» አሉት።

በአገራችን ይህ ቃል ለአላፊ አግዳሚውም ይባላል፤ መልሱም የታወቀ ነው። አድማሱ ይባረክ፣ አሁን በላሁ ሊል አፉን ከፈተ። እማማ ትርንጎ ግን ጠጋ ብለው ቦታ ለቀውለት ነበር። ተቀመጠ። ከጀሪካን ውኃ አፈሰሱለት፤ ታጠበ። ሽሮ የተቀባውን እንጀራ ጠቅልለው በእጁ አኖሩለት። ቀዝቅዟል፤ ጨውም አንሶታል። ጎርሶ ሲያላምጥ ነው አንድ ነገር ልብ ያለው። ምን እንዳለበት አልጠየቀም። ሊጠይቅም አላሰበም። እነዚህ ሰዎች ከእሱ እጅ መብላት የማይችሉ ሆነዋል፤ እሱ ከእነሱ እጅ ዐይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ያዘጋጀውን ንግግር ዋጠውና አለቀሰ። አባባ ዘርጋው እንዳላዩ ሆነው፣ ብላ እንጂ አሉት።

በልቶ ሲያበቃ አመስግኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይመለሱ ብሎ አልጠየቃቸውም። ይቅርታ ከተሰጠው ወር አልፎታል፤ የጠፋበት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ በልመና እንደማይመለስ ያን ዕለት ገብቶታል።

እኛ ሰዎች ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልን በተታለለው እንስቃለን። እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ። ነገር ግን በሰው እጅ የሚበላ ሰው ወጥ ቤቱን አያይም፤ የሚያየው የሚያቀርብለትን ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ያን ፊት አምኖ ይጎርሳል። ለዚህ ሊታፈርበት የሚገባው የጎረሰው ሰው አይደለም። አስተናጋጅ ደግሞ ሽርጥ የታጠቀ ብቻ እንዳይመስለን። መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ ወላጁም፣ ወሬ ነጋሪውም ሌላው ሳይመረምር የሚውጠውን ነገር በየቀኑ ያቀርባል። አልቋል፣ የለኝም፣ አላውቅም ማለት ለአንድ አፍታ ያሳፍር ይሆናል፤ ያን አፍታ የሸሸ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን በመስኮት ሲመለከት ይኖራል።

እርስዎስ? ሳይጠይቅ ከእጅዎ የሚቀበል ሰው ማን ነው? ዛሬ ያቀረቡለት ነገር ምን እንደሆነ ቢያውቅ፣ የሚመጣው ዓርብ ተመልሶ ይመጣል?