መልካው ላይ ሲፎክር የዋለው ገመሬ

«ላውራ ወይስ ልተኛ?»
«አውራ እንጂ!»
«እሺ፤ ጆሮ ወደ እኔ፣ እጅ ወደ ጭን።»

ዱሮ፣ ግንድም ወንዝም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ ገመሬ የሚሉት የዝንጀሮዎች አለቃ ነበር። በዚያ ዓመት ተራራቸው በሰደድ እሳት ነደደ። ግልገሎቹ ከሰል እየላሱ ያለቅሱ ጀመር። ከወንዙ ማዶ ግን ፍሬዋ የበሰለ ትልቅ ሾላ አለች። ሾላዋን የያዟት ከርከሮዎች ናቸው።

ዝንጀሮዎቹ ሁለት ወግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሳይፎክሩ ጦር አይገጥሙም። ሁለተኛው፣ የጠላትን ዳር ቀድሞ የረገጠ አለቃ ይሆናል፤ መጀመሪያም እሱ ይበላል። ገመሬም አለቃ የሆነው በዚሁ ወግ ነው።

ሠራዊቱን ይዞ ወደ መልካው፣ ውሃው ሳሳ ወዳለበት መሻገሪያ ወረደ። ደረቱን መታ።

«ዘራፍ! የገደሉ ጌታ! ነብርን ያስለቀስኩ!»

እሱ ሲፎክር፣ ጭቃ ውስጥ ተበታትነው የተኙት ከርከሮዎች ተነሥተው መጡና ማዶ ተሰለፉ።

«ወንድምዓለም፣ ስትጨርስ ንገረን» አለ የከርከሮዎቹ አለቃ። «ቆመን እየጠበቅንህ ነው።»

ዝንጀሮዎቹ ገቡ። ውሃው ደረታቸው ደረሰ፤ እግራቸው ተንሸራተተ። ዳር የደረሰውን ሁሉ ከርከሮ በክራንቻው እያነሳ መልሶ ወረወረው።

ገመሬ ውሃ እየተንጠባጠበበት ጮኸ። «አንተ ወንዝ! ለምን ለእነሱ ታደላለህ?»

«ማንን አውቄ ነው የማዳላው?» አለ ወንዙ። «እኔ ውስጥ የገባ ግማሽ ወታደር ነው፤ ግማሹን እኔ ይዤዋለሁ። ዳር የቆመው ሙሉ ነው። ሂሳቡን ራስህ ሥራው።»

በነጋታው ወደ ታች ወረዱ። ወንዙ ላይ የተጋደመ ግንድ አገኙ።

«ድልድይ ትሆነኛለህ?» አለ ገመሬ።

«እሆንሃለሁ» አለ ግንዱ። «ግን በእኔ ላይ የሚታለፈው አንድ በአንድ ነው። ማዶ ያለውም አንድ በአንድ ይቀበላችኋል።»

«ዝም በል፣ አንተ ብስባሽ!» አለና «ዘራፍ!» ብሎ ጀመረ። ከርከሮዎቹ ድምፁን እየተከተሉ ዳር ዳሩን ሮጠው ግንዱ ጫፍ ላይ ጠበቁት። የመጀመሪያው ዝንጀሮ ተወግቶ ወደቀ፤ ሁለተኛው በላዩ ላይ ወደቀበት።

ከዚህ በኋላ እትዬ ብርቄ የምትባል አሮጊት ዝንጀሮ መጥታ ገመሬ አጠገብ ተቀመጠች።

«ገመሬ፣ የከርከሮ ዓይን ደካማ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ የምንመጣበትን በምን አወቁ?»

ገመሬ ማዶ ማዶውን አየ።

«አንተ እኮ ነህ የምትነግራቸው።»

«ሳይፎክር የሚገጥም ሌባ ነው!»

«ማን አትፎክር አለህ? መልካው ላይ ቁምና ጉሮሮህ እስኪሰነጠቅ ፎክር። ግን አትሻገር። እኛ ከመልካው ወደ ላይ ወጥተን፣ በገደሉ በኩል ዝም ብለን እንሻገራለን።»

«ታዲያ ማዶውን ሌላ ሊረግጠው ነው? አለቅነቴስ?»

እትዬ ብርቄ ግልገሎቹ ወዳሉበት ብቻ አየች። አንዱ ግልገል የማልቀሻ ድምፅ እንኳ አልቀረውም። ገመሬም አየው። ራሱን አከከ።

«እሺ፣ ሂዱ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ገመሬ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መልካው ላይ ወርዶ ዘራፍ አለ። ከርከሮዎቹ ግር ብለው መጡ። እስከ ጉልበቱ ገባ፤ ተመልሶ ወጣ። ድንጋይ ወረወረ። የራሱን ጀብዱ ጨርሶ የአባቱን ጀመረ። የአባቱም ሲያልቅበት ያልነበረ አጎት ፈጠረ።

«ዛሬስ ፉከራው አማረብህ!» አለ የከርከሮዎቹ አለቃ። «ግን መቼ ነው የምትገባው?»

«ቆይ እንጂ፣ አክስቴ ትቀራለች!»

ያኔ ከከርከሮዎቹ ጀርባ የሾላዋ ቅርንጫፍ ተነቃነቀ። ዝንጀሮዎቹ ገደሉን ወርደው፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለሉ ተሻግረዋል። ከርከሮዎቹ ዞሩ። ከፊታቸው ዝንጀሮ፣ ከኋላቸው ወንዝ። አለቃቸው ግራ ቀኙን አየና ጭራውን አቁሞ ዳር ዳሩን ፈረጠጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ማዶውን ቀድማ የረገጠችው እትዬ ብርቄ ነበረች። አለቅነቱም የመጀመሪያዋ ፍሬም የእሷ ሆነ። ግልገሎቹ ሆዳቸው እስኪነፋ በሉ። ገመሬ ከሁሉ ኋላ ተሻግሮ የወረፋው መጨረሻ ላይ ቆመ። የደረሰው ወፍ የቆነጠረው ፍሬ ነው። አንዱ ግልገል «ለድሉ ፎክርልን!» ቢለው አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ተቀምጦ ፍሬውን በላ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ጠላት የሚጠብቀው ወንዝ የሚታለፈው ጠላት በሌለበት በኩል ነው። ለዚያ ግን አንዱ ጠላት ባለበት በኩል ቆሞ መቅረት አለበት።

ተረቴ አለቀ፤ ውሃ አቀብሉኝ።