የአንጓች ድንጋይ

ያን ቀን በዓይኑ ያየ ሰው ሁሉ አልፏል፤ የሴትዮዋን ስም የሚያነሳ ሰው ግን አላለቀም። እንግዲህ በዚያ በሩቁ ዘመን፣ ሸንበቆ ውሃ በምትባል መንደር፣ አንጓች የምትባል ውሃ ቀጂ ነበረች። ሀብቷ አንድ እንስራ ነው። ቢያድግልኝ የሚባለው ባሏ ጥማድ የማትሞላ መሬት ያርሳል። አለኸኝ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ይህ ልጅ አድጎ፣ የራሱን ጎጆ ከቀለሰ በኋላ፣ መሬቱን ተነጥቆ ከአገር ሊባረር ጥቂት ቀርቶት ነበር። የምነግራችሁ እንዴት እንደተረፈ ነው።

የሸንበቆ ውሃ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ምንጩ ከታች ነው፤ ሸንጎው ከላይ፣ ከአንድ ወይራ ስር ነው፤ በመካከላቸው ጉልበት የሚፈታ አቀበት አለ። ተከሳሹ አቀበቱን ወጥቶ ከወይራው ስር ይቆማል። መንደሩን የሚዳኘው ጭቃ ሹም መዳፉን ተከሳሹ ደረት ላይ ያሳርፋል። ልቡ በጸጥታ ከሄደ ንጹሕ ነው። ልቡ ከደለቀ ጥፋተኛ ነው። ምስክር መጥራት የለም፤ ነገሩም ከምሳ በፊት ያልቃል። ልማዱን ሁሉም ይወደው ነበር፤ በተለይ በቅሎ ያላቸው ሰዎች ይወዱት ነበር። ባለ በቅሎ ሰው በዚያ ሸንጎ ተፈርዶበት አያውቅም። ይህንንም አገሩ ሁሉ የጨዋነታቸው ማረጋገጫ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

አንጓች ሸንጎው በተቀመጠ ቀን ሁሉ ከምንጩ ወደ ሸንጎው ውሃ ታወጣለች። በአቀበቱ እኩሌታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ስትደርስ እንስራዋን ታወርዳለች፣ ትቀመጣለች፣ መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች፣ ትጠብቃለች። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እንዲህ ስታደርግ የገዛ ሰውነቷን እንደ ጓሮዋ አወቀችው። የዳገት ምት ሰፊ ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። የረሃብ ምት ቀጭን ነው፤ እጅ ያንቀጠቅጣል። የንዴት ምት ጆሮ ያሞቃል። የፍርሃት ምት አፍ ያደርቃል፣ ሆድን ወደ ታች ይስባል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ማን ይጠይቃታል?

የመጀመሪያው ነገር የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። ስንዱና የኔወርቅ የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች ናቸው። ጾሙ የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እነሱ በስምንት ሰዓት ምንጩ ዳር ተያያዙ።

«ዶሮሽ ጎመኔን ጫረችው፣ ጨረሰችው!»

«አጥር የማታውቂ! ዶሮዬ ምን ታድርግ፣ በሩን ከፍተሽ ጠርተሻት!»

«አፍሽን ያዢ፣ አንቺ ቀላዋጭ!»

«ቀላዋጭ? እኔን ነው ቀላዋጭ? ነይ ውጪ ሸንጎ! ደረትሽ ይዳሰስና እንተያይ!»

ቢወጡ ኖሮ የሁለቱም ልብ ይደልቅ ነበር፤ ሁለቱም ይፈረድባቸው ነበር። አንጓች እንስራዋን አወረደች፤ ቁጭ አለች።

«እህቶቼ፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል?»

«ቢንቀጠቀጥስ! እሷ ናት ያንቀጠቀጠችኝ!» አለች ስንዱ።

«ትናንትናስ በዚህ ሰዓት?»

ስንዱ አሰበች። ትናንት በዚህ ሰዓት ከባሏ ጋር ነበር የተጣላችው። ከትናንት ወዲያ በዚህ ሰዓት ከአህያዋ ጋር።

«ዘጠኝ ሰዓት ይሙላና ቅመሱ። ከዚያ ተጣሉ። ጠቡ የትም አይሄድም» አለች አንጓች።

ሄዱ፤ ንፍሮ ቀመሱ፤ ጠቡን ለመጨረስም ተመልሰው መጡ። የቀረው ጠብ ግን አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች፤ እሷም ትልቅ ዶሮ አልነበረችም። ተሳስቀው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የአንጓች ወሬ በመንደሩ ወጣ። ሰው ድንጋዩ ድረስ እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። «አንጓች፣ እዚህ ጋ ይወጋኛል፤ ምንድን ነው?» ይላታል። «ብርድ ነው» ትለዋለች። «አንጓች፣ እህል አልበላ አለኝ፤ ምንድን ነው?» ትላታለች ሌላዋ። «ናፍቆት ነው፤ ሄደሽ እናትሽን ጠይቂያት» ትላታለች። አንዳንድ ጊዜም ልክ ነበረች። ሰው ሲያምናት እሷም ራሷን አመነች። የሌላውንም ሰው ውስጥ እንደ ራሷ ጓሮ ታየው ጀመር።

ሁለተኛው ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። አንድ ጠዋት ባሏ ቢያድግልኝ ለሸንጎው እንጨት ተሸክሞ ከኋላዋ ይወጣ ነበር። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ሸክሙን አወረደ።

«አንቺ፣ ደረቴን ከበደኝ» አላት።

«የዳገቱ ነው። ተቀመጥ፤ ይለቅሃል።»

ተቀመጠ። አንጓችም ተቀመጠች። የሷ ምት ቶሎ ሄደ። ጥቂት ቆይታ እንስራዋን አነሳች።

«እኔን አልለቀቀኝም። ክንዴንም ደነዘዘኝ» አላት።

«ሸክሙ ነዋ ያደነዘዘህ! ትንሽ ቆይ። እኔ ውሃውን አድርሼ መጣሁ» አለችው። ወጣች።

ስትመለስ ቢያድግልኝ ድንጋዩን እንደተደገፈ ነበር። እጁ ደረቱ ላይ ነው። ሰውነቱ ገና ሞቅ ይላል፤ ልቡ ግን ቆሟል።

ቀበሩት። አንጓች ሰባት ቀን ከቤት አልወጣችም። በስምንተኛው ቀን እንስራዋን አንስታ ወጣች፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ፣ «የራሴን ነው የማውቀው፤ ያንተን አንተ ንገረኝ» ትለው ጀመር። ሰውም ቅር አለው። ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ።

ሦስተኛው ነገር ከዚያ በኋላ በብዙ ዓመት የሆነ ነው። በዚያ ዓመት በአጨዳ ወራት ያልታሰበ ዝናብ ዘነበ። ግራዝማች ዳምጤ የሚባሉ የአገሩ ባለጸጋ ጤፋቸውን አሳጭደው አስከመሩ። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ክምሩ በእሳት ተያያዘ። ግራዝማች ከአለኸኝ ጋር በከብት መንገድ ተጣልተው ነበር። አለኸኝም እሳቱ ከመነሳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በክምሩ አጠገብ ሲያልፍ ታይቷል። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው አቀበቱን እያስሮጡ ጎተቱት። ደረቱ ከደለቀ መሬቱ ይነጠቃል፤ ሚስቱን ይዞ ከአገር ይወጣል።

አንጓች ሲጎትቱት አየች። የዚያን ቀን ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠችም። አፏ ደርቋል፤ ሆዷ ወደ ታች ተስቧል። ልጇ ያድርገው አያድርገው አታውቅም። ተከትላ ወጣች።

ጭቃ ሹም ወንድይራድ ወፍራምና ቅን ሰው ነበሩ። ተነሱ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ጌታዬ፣ እጅዎን ከማሳረፍዎ በፊት አንድ ነገር ልለምን» አለች አንጓች።

«ምንድን ነው አንጓች? እንስራሽ ተሰበረ?» አሏት። ሸንጎው ሳቀ።

«ጌታዬ ዛሬ በምን መጡ?»

«በበቅሎዬ ነዋ!»

«ግራዝማችስ?»

«እሳቸውም በበቅሏቸው።»

«ልጄ እየሮጠ ነው የመጣው። እርስዎም እስከ ድንጋዩ ይውረዱና እየሮጡ ይውጡልኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የእርስዎን ደረት ይዳስሱ።»

ግራዝማች ዳምጤ፣ «ውሃ ቀጂ ዳኛ ልታሯሩጥ!» ብለው ተቆጡ። ጭቃ ሹም ወንድይራድ ግን ነገሩ ጨዋታ መሰላቸው። «ምን ገዶኝ!» ብለው ኩታቸውን ጥለው ወረዱ።

አወጣጣቸው ቀላል አልነበረም። ሲደርሱ ላባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። አያ ገሠሠ የሚባሉ ሽማግሌ ተነስተው መዳፋቸውን በጭቃ ሹሙ ደረት ላይ አሳረፉ።

«ኧረ ጉድ! ጭቃ ሹም፣ ክምሩን ያቃጠሉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጭቃ ሹሙ ብቻ አልሳቁም፤ ለመሳቅ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ቁጭ አሉ። አለኸኝም ቁጭ አለ። አንጓች ለሁለቱም ውሃ ቀዳች። ጠበቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አያ ገሠሠ ሁለቱንም ዳሰሱ። የጭቃ ሹሙ ልብ ጸጥ ብሏል። የአለኸኝ ግን ቀነሰ እንጂ ጸጥ አላለም።

«ይኸው! አላልኳችሁም? አሁንም ይደልቃል!» አሉ ግራዝማች።

ሰው ሁሉ ወደ አንጓች ዞረ። ያን ጊዜ፣ «ይሄ የፍርሃት ነው እንጂ የጥፋት አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ» ብትል ሳያምኗት አይቀሩም ነበር። ልጇም ያያታል፤ እንድትለው ይጠብቃል። አንጓች አላለችም።

«የሄደው የዳገቱ ነው» አለች። «የቀረው ምን እንደሆነ አላውቅም። እናቱ ነኝ፤ ግን አላውቅም። አንድ ጊዜ አውቃለሁ ብዬ የልጄን አባት ቀብሬአለሁ። መዳፍም አያውቅም። የቀረውን ሰው ጠይቁ።»

ጭቃ ሹሙ አሰቡ። በዚያ ሸንጎ ሰው ተጠይቆ አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀመር እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ የክምሩን ጠባቂ አስጠሩ። የግራዝማች አሽከር ነው፤ ሙጬ ይባላል።

«ማን አቃጠለው?» አሉት።

«ማንም፤ ራሱ ነው የነደደው» አለ ሙጬ። «እርጥቡን ነው የከመርነው። በሁለተኛው ቀን ጫፉ ላይ እንፋሎት አየሁ። በሦስተኛው ቀን እጄን ሆዱ ውስጥ ብከት ፈጀኝ። ለጌታዬ ብነግራቸው፣ "ጤዛ ነው፣ ዝም በል" አሉኝ። ዝም አልኩ።»

«እስከ አሁንስ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ ጌታዬ?»

አለኸኝ ነጻ ወጣ። መሬቱም ሚስቱም አብረውት ቀሩ። በዚያ ሰዓት የግራዝማችን ደረት ልዳስስ ያለ ሰው አልነበረም። አንጓች ልጇን አቅፋ ሳመችው፤ ከዚያም እንስራዋ ባዶ ስለነበረ ወደ ምንጩ ወረደች።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሸንበቆ ውሃ በቅሎ የሚታሰረው ከአቀበቱ ስር ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም በእግሩ ይወጣል። ሁሉም እኩሌታው ላይ ሲደርስ የአንጓች ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ትንፋሹ እስኪመለስ አፉን አይከፍትም። ወይራው ስር ሲደርሱ ዳኛው መዳፉን አይዘረጋም። መጀመሪያ ከሳሹን የሚጠይቀው «ምን ቀረህ?» ብሎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ውስጡን ይፈልጋል፤ ምንም ያጣና ሸንጎውን እጅ ነስቶ ይወርዳል። የቀረው ነገር ያለው ሰው ደግሞ ይናገራል። ሸንጎውም ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል፤ ምሳ ሰዓት ቢያልፍም እንኳ።