ጋሽ አስራደ ፎቶ ሊያነሱ

አንድ ቀን ጋሽ አስራደ የሚባሉ የአዳማ ሰው፣ በስልክ ብቻ ፎቶ ማንሳት የለመዱ ወጣቶችን ግቢያቸው ሰበሰቡ። ጋሽ አስራደ በፊልም ካሜራ ያበዱ ናቸው። ሐሳባቸው ወጣቶቹንም እንደ እሳቸው ማሳበድ ነበር።

«በስልክ መቶ ጊዜ ትጫናላችሁ፣ አንዱንም መልሳችሁ አታዩትም። ፊልም ግን ያስተምራል! አስበህ፣ ለክተህ፣ ተጠንቅቀህ አንዴ ብቻ ትጫናለህ» አሏቸው።

ለማሳያ የሚሆን ሰው ሲፈልጉ ጎረቤታቸውን ዳምጠውን አስጠሩት። ዳምጠው ፀጉር ቆራጭ ነው። የጀመረው ደንበኛ ነበረው፤ ግን የጋሽ አስራደን ጥሪ እንዴት እምቢ ይበል? ደግሞም ፎቶ ነው። «መጣሁ፣ አንዴ ጠብቀኝ» ብሎ የደንበኛውን ፀጉር በግማሽ ትቶት ሮጠ።

ጋሽ አስራደ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ብርሃን ለኩ። ደመና መጣ፣ እንደገና ለኩ። «አገጭህን ቀና... አይ፣ በዛ፣ ዝቅ።» ካሜራውን ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉ ወጣቶቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጋሽ አስራደ መልሰው ያወርዱታል።

«አያችሁ? ስልክ የያዘ ሰው ቢሆን ይሄኔ ተጭኖ ነበር!»

ዳምጠው ወገቡ ደነዘዘ፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። በዚህ መሃል የግቢው በር ተበርግዶ ደንበኛው ገባ፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ እንደታሰረ፣ በአንድ ወገን ተላጭቶ በሌላው ወገን ጎፈሬ!

«ኧረ በፈጠረህ ዳምጠው! የእጮኛዬ ቤተሰቦች እየጠበቁኝ ነው፤ እንዲህ ሆኜ ልግባ?»

ዳምጠው ደንግጦ ከበርጩማው ብድግ ሊል ሲል ጋሽ አስራደ ጮሁበት።

«እንዳትነሳ! ገና አላነሳሁህም!»

ዳምጠው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰው ያነሳሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት፤ ለካ የእርስዎ ሙያ ማስቀመጥ ነው! በሉ፣ እርስዎ ካላነሱኝ እኔው ተነሳሁ!»

ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከእነሱ አንዷ፣ ረድኤት የምትባል ልጅ፣ ጋሽ አስራደ ለልምምድ የሰጧትን አሮጌ ካሜራ እንዳንጠለጠለች ዳምጠውን እስከ ፀጉር ቤቱ ተከተለችውና ሳትለካ ተጫነች።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ፣ ዳምጠው መላጫውን ይዞ፣ ጎፈሬው ሰውዬ በመስታወቱ ራሱን እያየ ሲስቅ፣ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። ወጣቶቹ ፎቶውን እየተቀባበሉ አይተው ሲያበቁ፣ የፊልም ካሜራ የት እንደሚገኝ መጠያየቅ ጀመሩ።

ጋሽ አስራደም በተራቸው ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

«መጥፎ አይደለም» አሉ። «ብቻ ቸኩላለች።»