ይሉኝታ የተከራየው ቤት

አንድ ሰው ነበረ፣ ይሉኝታ የሚባል በሽታ ያለበት። ሜላት፣ ሰው አገር ሄጄ ቤት ስከራይ ምን ምኑን ልይ ብለሽ የጠየቅሽኝን እሱ ይመልስልሽ።

ይህ ሰው ሥራ አግኝቶ ባሕር ማዶ ሄደ። ሚስቱና እግራቸውን የሚያማቸው አማቱ ቅዳሜ ሊከተሉት ትኬት ቆርጠዋል። ማክሰኞ ቤት ፍለጋ ወጣና የአንዲት አሮጊት በር አንኳኳ። ቋንቋቸውን አሳምሮ ያውቃል፤ የማያውቀው መጠየቅ ነው። አሮጊቷ ደግ ናቸው፤ ገና አረፍ ከማለቱ ሾርባና ዳቦ አቀረቡለት። እዚያ ላይ አለቀለት። እህላቸውን በልቼ ደግሞ ቧንቧቸውን ልፈትሽ? አለ በሆዱ።

ሦስተኛ ፎቅ አውጥተው ክፍል ክፍሉን ሲያሳዩት፣ በሰው ጓዳ ዓይን ማንከራተት ነውር ነው ብሎ አቀርቅሮ ተከተላቸው። መታጠቢያ ቤቱን ሲከፍቱለትማ ጭራሽ ፊቱን አዞረ። ሲወጣ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ምንጣፉ ላይ አሥራ አራት አበባ እንዳለ ብቻ ነው።

ውሉን ሰጥተው አንብበው አሉት። ለእሱ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ወረቀት ማገላበጥ መጠርጠር ነው። «እማማ፣ ቃልዎ ይበቃኛል» አለና ፈረመ። አሮጊቷ የቱን ቃል እንደሰጡት እስከዛሬ ይገርማቸዋል።

ቅዳሜ እናትና ልጅ ደረሱ። አማቲቱ በየደረጃው መታጠፊያ እያረፉ፣ አንድ አንድ ቅዱስ እየጠሩ ወጡ። ሚስቱ እጇን ልትታጠብ ቧንቧ ብትከፍት ውሃው በረዶ ነው። ማሞቂያው የታለ ብትለው፣ አልጠየቅሁም አላት። ይሄኔ አሮጊቷ እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት ኬክ ይዘው ብቅ ቢሉ፣ ለአንድ ሰው ባከራዩት ቤት ሦስት ሰው ቆሟል። ውሉ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይኖርበታል ነው።

ሰውየው አማቱን ይዞ ጎዳና ሊወጣ ነው። አሮጊቷም እያዘኑ ነገሩት፤ ለካ ምድር ቤት ለሦስት ሰው የሚበቃ፣ ሞቅ ያለ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ነበራቸው። ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው መጥቶ ቧንቧውን ሁሉ ከፈተ፣ ግድግዳውን አሸተተ፣ ስንት ሰው ይፈቀዳል፣ ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ለብቻ እያለ ሲያደርቃቸው ውሎ፣ ለሱ ሰጡት።

«እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ቤት ይይዛል ብዬ ወደድኩት» አሉ። «አንተ ግን ዝም ስትል ቤቴን የናቅኸው ነበር የመሰለኝ።»

ሌላ እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ሊታገሡት ተስማሙ። ይሄ ሁሉ ሲተረጎምላቸው አማቲቱ ሻንጣቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄን ስታገባ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረህ አልነበር? ያኔ ያላፈርከው ሰውዬ፣ ለምንተኛበት ቤት ነው ያፈርከው?»

እንግዲህ ሜላትዬ፣ እኛ አገር ዝም ያለ እንግዳ ጨዋ ይባላል፤ እዚያ የጠየቀ ነው ጨዋ። ቢጋብዙሽ ብዪ፣ አመስግኚ፣ ከዚያ ተነሽና ፈትሺ። ሳትፈርሚ ያልጠየቅሽው ነገር እንደ ደባል ነው፤ በፈረምሽ ማግስት ጓዙን ጠቅልሎ አብሮሽ ይገባል። ከኪራዩ ግን ሳንቲም አይከፍልልሽም።