ደጅ የማይጠኑ እንግዶች

ነይ ጠጋ በይ ልጄ፤ ሐምሌ ነው፣ ብርዱ ሲጠጋጉ ይቀላል።

ባለጉዳይ ሁሉ ደጁን ካልጠና ቃሉን የማይሰጥ አንድ ሹም ነበር። አሽከሮቹ የአንዲትን ባልቴት በሬ ነዱባት። እሷም የዘር ጊዜ ሳያልፍ እንዲመልስላት ደጁ ላይ ተቀምጣ ሰነበተች።

በዚያው ሰሞን ሰማይ የሚመረምሩ ምሁራን መጡ። ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቆጥር ሣጥን ይዘው፣ ተራራው ላይ እንዲያቆሙት ፈቃድ ጠየቁ።

"ምን ይቆጥራል?" አላቸው ሹሙ።

"ጌታዬ፣ ከጠፈር የሚወርዱ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ነው። በጣራውም በእርስዎም ውስጥ አልፈው መሬት ይገባሉ።"

እንዲህ ነው አሉ፤ እኔ ያልተማርኩት ምኑን አውቄ!

ሹሙ ቱግ አለ። ባለጉዳዮቹን አስጠርቶ፣ "አገር ደጄን ሲጠና እነዚህ ከጠፈር የሚወርዱ ቅንጣቶች ሳያስፈቅዱ በእኔ ውስጥ የሚያልፉት ንቀውኝ ነው? የመለሰ ጉዳዩ ያልቅለታል፤ ያስቀየመኝ ጉዳዩን ይርሳ!" አለ።

ባልቴቷ ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበች።

"ኧረ ጌታዬ፣ ማን ደፍሮ ይንቅዎታል! ደጅ የሚጠናው እኮ እንደ እኔ በሬው የተነዳበት ነው። እነሱ እርስዎ ዘንድ ምንም ጉዳይ የላቸውም፤ ወደ መሬት ሲወርዱ መንገዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኙዎት እንጂ።"

ምሁራኑ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ሹሙ በሰው ፊት በመቆጣቱ አፈረና፣ "በሬዋን ስጧት" አለ።

ባልቴቷ በሬዋን ነድታ ሄዳ ጤፏን ዘራች። ምሁራኑም ተፈቅዶላቸው ሣጥናቸውን ተራራው ላይ አቆሙ። ሹሙም በሹመቱ ላይ አረጀ፤ ደጅ ማስጠናቱን ግን አልተወም፣ ምን ይደረግ ልጄ።